ጾም የሌለበት ረቡዕ በካዛንቺስ

ማለዳ፣ ጎተራ

የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ትልቁን በር ገና አልከፈተም። በትንሿ በር አጎንብሰን ስንወጣ ቢኒያም የጫማውን ማሰሪያ አስሮ አልጨረሰም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከማሳለጫው ሥር ውሃ ተኝቷል፤ ሚኒባሶቹ ጎማቸውን ከውሃው ለማራቅ ጠርዙን ታከው ይጭናሉ። እርጥብ አስፋልት፣ የናፍጣ ጭስ፣ የትናንት ጋዜጣ አንጥፎ ሙዝ የሚደረድር ሰው።

ዛሬ ከከተማ አንወጣም። ከጎተራ ደምበል፣ ከደምበል ኡራኤል፣ ከኡራኤል ካዛንቺስ፤ በቃ ይኸው ነው። ቢሆንም ሩቅ አገር የምሄድ ይመስል እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው ያደርኩት፤ ጉዞው የሰሚራ ነውና።

ሰሚራ ከእኔና ከቢኒያም ጋር አንድ ክፍል የተማረች ጓደኛችን ናት። ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የአባቷ ሱቅም ተነሳ፤ እሷ እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራበት ማረፊያ ቤትም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያላት ሐሳብ አንድ ነው፦ የውጭ እንግዶችን በእግር እያዞሩ የከተማዋን ምግብ ማቅመስ። አንድ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ሐሳቡን ወዶታል፤ ግን መስመሩን በእግሩ ሄዶ የሚፈትን ሰው ዛሬ ይልካል። ሰውየው ካሳለፋት የየረቡዑ እንግዳ የእሷ ነው። ካላሳለፋት ወራቤ ወርዳ አጎቷ ሱቅ ልትቀመጥ ነው። እኔና ቢኒያም የምንሄደው የእንግዳ ቦታ ለመሙላት ነው።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሾፌር በመስታወቱ አየንና በዚህ ማለዳ ወዴት እንደሆነ ጠየቀን። ቢኒያም ቁርስ ልንበላ ደምበል ነው አለው።

«ጎተራ እንጀራ አልቋል እንዴ?» አለ ሾፌሩ። ቢኒያም ለሚሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ አሞኛል ብሎ ስለነበር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጠዋት፣ ደምበል

ሰሚራ ቀድማን ደርሳለች። አንድ ቦታ መቆም አትችልም፤ ከሕንፃው ደረጃ እስከ እግረኛ መንገዱ ትመላለሳለች። ፈታኙ ጋሽ ተካ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በአስጎብኚነት የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰማያዊ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ፣ እንደ ከዘራ የሚመረኮዙት ጃንጥላ።

ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ነገሩ ገቡ። የሚመጡት እንግዶች አራት ናቸው። ሥጋ አይበሉም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤም እንደዚሁ። እሳቸውም ዛሬ እንደ እንግዶቹ ነው የሚበሉት።

የሰሚራ ፊት በራ። «ረቡዕ አይደል እንዴ ጋሼ። ቀላል ነው። ከተማው በሙሉ የጾም ነው።»

ጋሽ ተካ የጃንጥላቸውን እጀታ አዩ። «መልካም» አሉ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን መስመር ከኢድ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳያልቅ፣ ሦስታችን ሄደን ሞክረነዋል። የትኛው ቤት ሚጥሚጣ እንደሚያበዛ፣ የትኛው በር ሲከፈት ሲጥ እንደሚል ሁሉ መዝግቤ ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ ባለው ቅያስ የሙስጠፋ ፉል ቤት አለ። ሦስት ጠረጴዛ፣ ትኩስ ዳቦ፣ በእጅ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ከ«ፉል» በፊት አንድ ቃል በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል፤ የ«ጾም» እግሮች ብቻ ቀርተዋል። አየሁት። አልፌው ተቀመጥሁ።

ሰሚራ ያለ እንቁላል፣ ያለ እርጎ፣ ያለ ቅቤ አዘዘች። ሙስጠፋ እጁን በሽርጡ ጠርጎ አንድ በአንድ አየን።

«ሁላችሁንም ሐኪም ከለከላችሁ?»

ሳቅን። ፉሉ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ መጣ፤ እየጨሰ። ጋሽ ተካ ሳህናቸውን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ፤ ሰሚራም በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ። የመጀመሪያው አለፈ ማለቷ ነው።

ረፋድ፣ ኡራኤል

መኪናው ተቆላልፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የጥላና የጧፍ ሻጮች፣ ማዶ የጭማቂ ቤቶች፣ መሐል ላይ ጥሩምባ። ቢኒያም ቆሞ ተሳለመ። ሰሚራ ቆማ ጠበቀችው፤ ግን አይኗ ቀድሞ ተሻግሯል። በድምፅ ማጉያው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ተካ።

«ምኑን ጋሼ?» አለ ቢኒያም።

ጋሽ ተካ ጃንጥላቸውን አነሱና መንገዱን ተሻገሩ።

ጭማቂው ጥሩ ነበር፤ ከታች አቮካዶ፣ መሐል ፓፓያ፣ ከላይ ማንጎ፣ ዳሩ ላይ ሎሚ። ሰሚራ ፍሬው ከየት እንደሚመጣ እየተናገረች ነው፤ ትፈጥናለች፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ትዘላለች። ጋሽ ተካ ቀስ በይ ልጄ አሏት። ቀስ አላለችም።

ከቀትር በፊት፣ ካዛንቺስ

ሰሚራ መንገድ የምታሳየው በሌሉ ነገሮች ነው። የጫማ ሰፊው ቤት የነበረበት ጋ ወደ ግራ፤ የሻይ ቤቱ ዛፍ የነበረበት ጋ ቀጥታ። አሁን ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ገና ሥር ያልያዘ የዘንባባ ችግኝ፣ ከኋላ ደግሞ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥርና ክሬን ነው። እንዲያም ሆኖ እግሯ አይሳሳትም።

የሽሮ ቤቱ ከፈረሰው ሰፈር ወጥቶ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ገብቷል። የሸክላ ድስቱ እየተንተከተከ ነው። ባለቤቲቱ ሰሚራን ስታይ አቅፋ ሳመቻት። ሰሚራ የጾሙን ሽሮ ለአራት ሰው አዘዘች።

ሴትየዋ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። «የጾም? ምን ነካችሁ ልጆች፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው። ቅቤው ከጠዋት ጀምሮ ድስቱ ውስጥ ነው።»

ቢኒያም ግንባሩን ያዘ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም አርብም እንደማይጾም እኔም እሱም ከልጅነታችን እናውቃለን። ባለፈው አርብ ጥብስ አብረን በልተናል። የሰሚራ መስመር ግን በሐሳባችን ውስጥ ሁሌም የጾም ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ያሰበ አልነበረም።

ሰሚራ ወደ ጋሽ ተካ ዞረች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ። የሚመጡት እንግዶች ግን አያውቁም፤ እነሱ አይነግሩሽም።»

ስልኳን አወጣች። የምሳው ቤት፣ ዋናው ማረፊያችን፣ በያይነቱ ከጰራቅሊጦስ በፊት የለም አላት። ሌላ ቤት ደወለች፤ ምስሩ ራሱ በቅቤ ነው። ቢኒያም ትልልቆቹ ሆቴሎች ሁልጊዜ ያዘጋጃሉ አለ። ጋሽ ተካ ሆቴሉንማ እንግዶቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ አንቺ ለምን ታስፈልጊያቸዋለሽ አሉ። ክፉ አነጋገር አልነበረም፤ ግን ሰሚራ ጣቷን ነከሰች።

ቀጥሎ ያለው የአዝማሪ ቤት ነው። ቀን ቀን ዝግ ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን ለሰሚራ ብሎ ከፍቷል። ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ቢኒያም አፉ አያርፍም፤ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሰውየው ማሲንቆውን ቃኘት ቃኘት አድርጎ ሰሚራን እያየ ገጠመ፦

«አገር ጾሙን ፈትቶ ቅቤ ሲያንቆረቁር፣
ዘይት ፍለጋ ወጣች ካዛንቺስ ስትዞር።»

ጋሽ ተካ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰሚራ ተነስታ ወጣች። ተከተልናት።

ስድስት ሰዓት፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ

በፍጥነት ትሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። አንድ በር አንኳኳች፤ ሌላ ደረጃ ወጥታ ወረደች። ጋሽ ተካ በጃንጥላቸው እየተደገፉ ከኋላችን ናቸው። በአረንጓዴው አጥር ጥግ ስናልፍ አንድ ሽታ አቆመኝ። ሽንኩርት እየተቁላላ ነው፤ በዘይት። ቅቤ ሲነጠር የሚመጣው የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ የለበትም።

«ሰሚራ» አልኳት። «ይሄ የጾም ነው።»

ሰማያዊ ሸራ በአራት እንጨት ተወጥሯል። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጫማቸው በሲሚንቶ የነጣ የግንባታ ሠራተኞች። የምታበስለው ሴት እትዬ ብርቄ ትባላለች። ሽሮ፣ ክክ፣ ድንች በካሮት። ሰሚራ ሦስቱም ውስጥ ቅቤ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ቅቤ?» አለች እትዬ ብርቄ። «ቅቤ የሚበላ ሰው እዚህ ብሎኬት ይሸከማል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ተጠጋግተውም ቦታ ለቀቁልን። አንዱ ጋሽ ተካን «አባቴ፣ እዚህ ደረቅ ነው» ብሎ የተቀመጠበትን ሰጣቸው። አንድ ትሪ ለአራታችን ቀረበ። አጠገባችን ያሉት አንዱ «በስመ አብ» አንዱ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ወደ አንድ ትሪ ሰደዱ። ክኩ እርድ አልበዛበትም፤ ድንቹ ሳይፈርስ በስሏል። ጋሽ ተካ ጨመሩ። ከዚያም እንደገና ጨመሩ።

ሰሚራ እጇን ታጥባ ወደ እትዬ ብርቄ ሄደች። የፊታችን ረቡዕ አራት እንግዶች ባመጣስ አለቻት።

እትዬ ብርቄ ድስቱን ከደነች። «ፈረንጅ ነው? ሠራተኞቹ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ እያለ ፎቶ ሊነሱ? አይሆንም እህቴ። ምግቡን ውሰጂ፤ ሰዎቼን ተይልኝ።»

ሰሚራ አልተከራከረችም። ሂሳቡን ከፍላ ጋሽ ተካን በፊታችን እንዲህ አለቻቸው፦ «እንዳዩት ነው ጋሼ። ቦታው አለ፤ ግን እዚህ ሰው አላመጣም።»

ሰባት ሰዓት፣ አዲሱ መናፈሻ

ፏፏቴው በሰዓቱ ይነሳል፤ ልጆች ይጮሃሉ፤ ጥበቃው ሣሩ ላይ የሚረግጥ ካለ ያፏጫል። አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ጋሽ ተካ አይናቸውን ጨፍነዋል። ቢኒያም ዝምታ አይችልም።

«ግን ማለቴ፣ እኛ ብንረሳ፣ አንቺ እንዴት ነው በዓለ ሃምሳን ያላየሽው? ካዛንቺስ ያደግሽ ልጅ።»

ሰሚራ ቁጣ የለባትም፤ እንደ ሒሳብ የምታስበው ይመስላል።

«እኔ የናንተን ሥጋ አልበላ፣ እናንተ የኔን አትበሉ። አብረን የምንበላው የጾም ነው። ሁሌም ረቡዕና አርብ ነው የምትጠሩኝ። መስመሩን የሠራሁት ከናንተ ጋር ከበላሁበት ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ አላውቅም።» ከዚያ ጨመረች፦ «ከፋሲካ በኋላ እኮ አትደውሉም። በየዓመቱ።»

ቢኒያም ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ወደኋላ አሰብሁ፤ ያለፈውን ዓመት፣ ከዚያ በፊቱን። ልክ ናት። ሁለታችንም ሆን ብለን አልነበረም፤ ማንም ግን አልደወለም።

በዚያን ጊዜ ፊት ለፊታችን ያለው አግዳሚ በቢሮ ሠራተኞች ሞላ። መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ፣ ጭናቸው ላይ ምሳ ዕቃ። ጥበቃው አልፏቸው ሄደ፤ ሣሩን እስካልረገጡ ድረስ ምሳ አይከለከልም። አንዷ የጓደኛዋን ክዳን ከፍታ ታያለች፤ አንዷ ከራሷ በሹካ ታካፍላለች።

ሰሚራ ተነሳች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች።

«ምግቡን ውሰጂ ብላኛለች» አለች።

ጋሽ ተካ አይናቸውን ገለጡ።

«እትዬ ብርቄ ትሞላልኛለች። ከሸራው ቤት እኔው አመጣዋለሁ፤ እንግዶቹ እዚህ ይበላሉ። የካዛንቺስ ሰው ምሳውን በምን እንደሚበላ፣ በምሳ ዕቃ። እነሱን የሚያይ የለም፤ እነሱም አፍጥጠው የሚያዩት የለም። ሁሉም ይበላል።»

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ለረዥም ጊዜ ፏፏቴውን አዩ። ውሃው ወርዶ እስኪነሳ ድረስ።

«ምሳ ዕቃዎቹ ቅቤ እንዳይሸቱ» አሉ። «ረቡዕ ጠዋት ደምበል እንገናኝ። ስትናገሪ ግን ቀስ በይ።»

ምሽት፣ ጎተራ

አራት ምሳ ዕቃ ያስፈልጋል። አንዱ የሰሚራ፣ ሁለቱ የቢኒያምና የእህቱ፣ አንዱ የኔ። ቤት ገብቼ የኔን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ክዳኑን ስከፍት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ሽታ ገና እዚያው ነው። በፈላ ውሃና በሳሙና አጠብሁት፤ አሸተትሁት። በሎሚ ልጣጭ አሸሁት፤ አሸተትሁት። ዕቃው ጠርቷል፤ የክዳኑ ጎማ ግን አልለቀቀም። ጎማውን በቢላ ጫፍ አውጥቼ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍሁትና ለሰሚራ ደወልሁላት።

«ለቀቀ?» አለች፤ ሰላምታም የለም።

«ጎማው ቀርቷል። እስከ ረቡዕ ይለቃል።» ከዚያ የደወልሁበትን ጉዳይ ተናገርሁ። «አርብ ምሳ የት ነሽ?»

«አርብም እኮ ጾም የለም።»

«አውቃለሁ።»

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ፣ የቧንቧ ውሃ።

«እትዬ ብርቄ ጋ እንግዲህ» አለች። «ለቢኒያምም ንገረው። ቀድማችሁ ኑ፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ሠራተኞቹ መቀመጫ አያስተርፉም።»