እህቴ የመለሰችው ጉርሻ

የእህቴን ድርሻ እበላ እንደነበር ቤተሰባችን ሁሉ ያውቃል፤ ስንሰባሰብ ይሳቅበታል። የፋሲካውን ጉርሻ ግን የሚያውቅ የለም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዘልየዋለሁ፤ ከአፌ ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ አልቆጠርሁትም። ዛሬ ለእናንተ ለምታነቡት እናገራለሁ፤ ፍረዱኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤታችን ከቀሐ ወንዝ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ አባታችን ቄስ ናቸው። እህቴ ትብለጥ ዐሥራ ሰባት፣ እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። አባቴና እንግዶች በልተው ሲነሡ እኔና እሷ ማድ ቤት ገብተን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከአንድ ትሪ ሁለት ሰው ሲበላ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ ማን ያያል?

በዚያ ዓመት ሽማግሎች መጥተው ትብለጥን ለአንድ የማክሰኝት ሰው ጠየቁ። አይታው አታውቅም። ቃል ተሰጠ። ሁዳዴ ሲገባ እንጀራውን ወደ እኔ መግፋት ጀመረች። «ብይልኝ፤ ለእማ እንዳትነግሪ» አለችኝ። በላሁላት። ባዶውን ትሪ ይዤ ስወጣ እናቴ «በላች?» ትላለች፤ «በላች» እላለሁ። ጎረቤቱ «እንዴት ያለች ጾመኛ ናት» ሲል አባቴ ደስ ይላቸዋል። ጾም መስሎኝ ነበር ልበላችሁ? አልመሰለኝም። ጾመኛ ፋሲካን ይናፍቃል፤ እሷ ግን ፋሲካን ትፈራ ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አይቼም ዝም አልሁ።

የፋሲካ ዕለት ቀትር ላይ ዶሮ ወጥ ቀረበልን። ትብለጥ ትሪውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ አነሣች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአፏ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው «ጾመኛዋ፣ ተሸነፍሽ?» አልኋት። ሳቅሁም። መለሰችው። እኔም አንሥቼ በላሁት። እኔ ተናገርሁ፣ እኔ ሳቅሁ፣ እኔ በላሁ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ዶሮው እንዳይቀንስብኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለመሞከር እጇን አላነሣችም። ሰኔ ላይ ከወንዝ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ገንቦዋን እንዳዘለች ወደቀች። አዘልኋት። ታላቅ እህቴን ዳገቱን ሙሉ ሳላርፍ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ጉልበቱን ያገኘሁት ደግሞ ከእሷ እንጀራ ነው። ከደጃፋችን የተሰበሰበው ሰው «ቡዳ ነው» አለ። እናቴ ጠበል ልትወስዳት ስትነሣ «ቡዳ አይደለም፤ አትበላም። ምግቧን የምበላው እኔ ነኝ» አልሁ። አባቴ አልመቱኝም። «እኔም በጾሟ ስኮራ ነበር» ብለው ተቀምጠው አለቀሱ። የጉርሻውን ነገር ግን ያን ጊዜም ዋጥሁት።

ሐኪም ቤት ያሉ አያ ወርቁ የሚባሉ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ አዩዋት። «አባ፣ አያስገድዷት፣ አይቆጧት። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ። ሰው አብሯት ይቀመጥ፤ ስለ ምግብ ግን አይወራባት። ሆዷ ደኅና ነው፤ የያዛት ፍርሃት ነው። ምን እንደምትፈራ ይጠይቋት» አሏቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየደጋገሙ ጠየቋት። በመጨረሻ «ሁሉን ሌላ ሰው ቆረጠልኝ። በራሴ የማዝበት አፌ ብቻ ነው» አለች። አባቴ ሽማግሎቹን መለሱ። «ቄሱ ቃላቸውን አጠፉ» ተብሎ ተወራባቸው፤ ቻሉት።

አንድ ቀን በልታ አልዳነችም። እኔ ከትሪዋ ተባረርሁ፤ እናቴ በቦታዬ ተተካች። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በዚያ ትሪ ላይ ጨረሱት። አንዳንድ ቀን ሦስት ጉርሻ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። በተከታዩ ሁዳዴ ሕመሙ ተመለሰባት። ንስሐ አባቷ መጥተው «ጾም ለሚበላ ሰው ነው፤ ያንቺ ጾም መብላት ነው» ብለው እንዳትጾም ገዘቷት። እያለቀሰች በላች። እየፈራችም በላች። ጾም ከባድ ነው የሚል ሰው ያን ዓመት ትብለጥን አላያትም።

በሦስተኛው ፋሲካ «ነይ፣ አብረን እንብላ» ብላ ራሷ ጠራችኝ። ተቀመጥሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ዶሮው እግር ሲሄድ በጥፊ መታችው። «እጅሽን ሰብስቢ፤ ይኸ የኔ ነው» አለች። በላችው፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ከውጭ እየሮጡ ገብተው «ማን ወለደ?» አሉ። እጄ እየቆጠቆጠኝ እኔም እልል አልሁ።

ትብለጥ ዛሬ ፀዳ ከተማ ትኖራለች፤ ራሷ የመረጠችውን አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች። ያሸነፈችው ሕመሟን ብቻ አይደለም፤ እኔንም አሸንፋኛለች። ያችን ጉርሻ ታስታውሳት እንደሆነ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ልጇ ያነብላታል፤ ብትምረኝም ባትምረኝም ፍርዱ የእሷ ነው። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያያል። ርቦኝ ነበርም አልልም። ጠግቤ ነበር።