የአስረኛው ደንበኛ ልክ

ባለቤቷ በሕይወት ሳለ ሰፈሩ ሁሉ «ባለሜትሩ» ይለው ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወልቀው ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ከተቆጡት። እሷ ደግሞ «የባለሜትሩ ሚስት» ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እጅጌ የገጠመችው፣ ገበር የሰፋችው፣ የቁልፍ ቀዳዳ የቋጨችው እሷ፤ ስም ያተረፈው እሱ። ይህ አልከፋትም። ለአገር የሚሰፋውን ሰው በዓመት አንዴ የምትለካው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያ ይበቃታል። ሜትሩን ደረቱ ላይ ስታዞር ትንፋሹን ይይዝና «አሁን ልተንፍስ?» ይላታል። «ተንፍስ» እስክትለው ፊቱ እስኪቀላ ይጠብቃል። ሃያ ሦስት ዓመት አንዲት ቀልድ፤ በየዓመቱም ያስቃት ነበር።

እሱ ሲሞት ደንበኞቹ አብረውት የተቀበሩ ይመስል ደጁን የሚረግጥ ጠፋ። ልጇ ቢሮ የምትሠራ፣ ነገር በአጭሩ የምትጨርስ ሴት ናት። አንድ ቀን መጥታ የተሰቀሉትን ባዶ መስቀያዎች አየችና «እማዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሞክሪ። ካልሆነ የስፌት መኪናውን ሸጠን እኔ ጋ ትገቢያለሽ» አለቻት።

እናት ልጇን ትወዳለች። የልጇን ቤት ግን አትወደውም። እዚያ ቤት እጇ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ ሲቀመጥ፣ በቁሟ የሞተች ይመስላታል።

«ስንት ሰው ቢመጣ ትተዪኛለሽ?» አለች።

«አስር። አዲስ ሰው ነው ታዲያ። የድሮ ደንበኛ አይቆጠርም።»

በዚያው ሳምንት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጥ ስልጠና መኖሩን ሰምታ ሄደች። አሰልጣኙ ሸሚዙ በቅጡ ያልተተኮሰ ወጣት ስለነበር መጀመሪያ ላይ የሚለውን ትታ አንገትጌውን ነበር የምታየው። በኋላ ግን ጆሮዋን ሰጠችው። «‹ደንበኛ ይብዛልኝ› ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው» አለ። «የምትፈልጉት ማንን ነው? ስንት ሰው? እስከ መቼ? ምን አይቶስ ይመጣል? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ደንበኛችሁ ቁልጭ ብሎ እስኪታያችሁ ድረስ ጻፉት።»

አጠገቧ የተቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ «ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመለሱ እናቶች» ብሎ ጻፈ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜም ሥራም አልታይ አላት፤ ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያውቀው በልኩ ነው። እርሳሷን አንስታ ጻፈች፦ ትከሻ አርባ አምስት፣ ደረት መቶ አራት፣ ወገብ ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ ሁለት፣ ግራ ትከሻ አንድ ጣት ዝቅ ያለ። ከሥሩም «ይህ ልክ ያለው ሰው ወሩ ሳያልቅ ወደ ሱቄ ይምጣ፤ ሌሎች ዘጠኝም ይምጡ» ብላ ጨመረች።

አሰልጣኙ አንብቦ ሳቀ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ግብ አይቼ አላውቅም» አላት። እጇ ያን ልክ ከየት እንዳመጣው እሷም አልጠየቀች። መካከለኛ ቁመና ያለው ማንኛውም ወንድ መስሏት ነበር።

በጻፈችው ልክ ከመደርደሪያ ላይ የከረመ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አውርዳ ሙሉ ልብስ ሰፋች። ለግራው ትከሻ ድርብ ስፖንጅ አስገባችለት። መስኮቱ ላይ ያለውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አለበሰችና ደረቱ ላይ «ልክዎ ከሆነ ይግቡ» የሚል ወረቀት ሰካች።

በማግስቱ ጠዋት ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ ቆሞ እጁን ለመስኮቱ አነሳ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ እየተሳቀቀ መጣ። «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ባለሜትሩ ቆሞ መስሎኝ ሰላም እያልኩት እኮ ነው። ዓይኔ ነው መቼም» አላት። ደነገጠች፤ ከዚያ ደግሞ ተናደደች። መነጽር እንዲገዛ መክራ ሸኘችው።

ማታ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጋ የተወችው አሻንጉሊት ጠዋት ወደ ውስጥ፣ ደንበኛ ራሱን ወደሚያይበት መስታወት ዞሮ ይጠብቃታል። ነፋስ ነው አለች፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። አይጥ ነው አለች። አይጥ የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ስታዞር ታይቷት ራሷን ታዘበች። ልታቃናው እጇን ከኮቱ ሥር ስትሰድ ገበሩ ገና አሁን የተወለቀ ያህል ይሞቃል። ለልጇ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ይህን ከሰማች የወሩን መጨረሻም አትጠብቅም።

ሰው ግን መምጣት ጀመረ። የመስኮቱን ኮት ያየ መግባት ያምረዋል። አስተማሪው ገባ፣ ሊያገባ የተዘጋጀው ሙሽራ ገባ፣ የባንክ ጥበቃው ገባ። ሁሉም ይሞክሩታል፤ ደረቱ ሲስማማ ግራው ትከሻ እምቢ ይላል። አንድ ሹፌር ሳይቆልፈው አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ውስጡ ሰው ያለ ይመስላል» አለ። «እንዲህ አድርገሽ ለእኔ በልኬ ስፊልኝ።» እንዲህ እያለ የአዲስ ሰው ልክ ወደ ደብተሯ ገባ፤ ለእያንዳንዱም መስታወቱ ጥግ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረች። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መስመሮቹ ዘጠኝ ነበሩ።

በመጨረሻው ቀን ማንም ሳይመጣ አስር ሰዓት ሆነ። ልጇ አስራ አንድ ላይ እመጣለሁ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን አቀዝቅዛ ጨርቅ ማጣጠፍ ስትጀምር፣ ሁልጊዜ ሲከፈት የሚጮኸው በር ሳይጮህ አንድ ሰው ገባ። ፊቱ መንገድ ላይ ብታየው ዞር ብለህ የማታየው ዓይነት ነው፤ ከዚህ በፊት አላየችውም።

«ልኬ ይመስለኛል» አለ ወደ መስኮቱ እያየ።

«ይሞክሩት እስቲ» አለችው።

ለበሰው። ግራው ትከሻ ቦታውን አግኝቶ ቁጭ አለ። ልኩን በደብተር ልትይዝ ሜትሯን ስታነሳ፣ ሳትጠይቀው ግራ ክንዱን እስከ ግማሽ አነሳላት። ትከሻ አርባ አምስት። እጅጌ ስልሳ ሁለት። ወገብ ዘጠና ሁለት። ሜትሩን ደረቱ ላይ አዞረች፤ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ።

«አሁን ልተንፍስ?» አለ።

የሜትሩን ሁለት ጫፍ እንደያዘች ቀረች። የማዶው ፀጉር አስተካካይ ሬዲዮ ዝም ብሏል፤ ከመንገዱም ድምፅ የለም። ምን ያህል እንደናፈቀችው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ተንፍስ ካለችው ልኬቱ ያልቃል። ተለክቶ ያለቀ ሰው ደግሞ ይሄዳል። ሜትሩን አልለቀቀችም። በመስታወቱ ውስጥ ያ የማታውቀው ፊት እየቀላ መጣ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሱ ግን ይጠብቃታል። ዕድሜ ልኳን እሱን ማስጨነቅ አይሆንላትም ነበር።

«ተንፍስ» አለችው፣ አንቱታው ቀርቶ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ የጠመኔና የተተኮሰ ሱፍ ሽታ ፊቷን መታው። ልብሱን እንደለበሰ ወጣ። ስሙን አልጠየቀችውም።

ልጇ ስትመጣ እናቷን ወንበር ላይ አገኘቻት። ደብተሩን አንስታ እየገለጠች ቆጠረች፤ አስረኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ይሄ የአባዬ ልክ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ከድሮ ደብተር ገልብጠሽ ነው?»

«በዚህ ሜትር ነው የለካሁት። አሁን ወጣ።»

ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። አሻንጉሊቱ ራቁቱን፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ቆሟል። ቀስ ብላ «የድሮ ደንበኛ አይቆጠርም ብዬሽ ነበር» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«አባትሽ ደንበኛዬ ሆኖ አያውቅም» አለች እናት። «ለእሱ የምሰፋው በፍቅር ነበር።»

ልጅቱ ጠመኔውን አንስታ አስረኛውን መስመር ራሷ አሰመረች። የስፌት መኪናውን ነገር አላነሳችም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች እናት፣ ያን ግብ የጻፈችበትን ወረቀት እያየች። «እንዲመጣ ብቻ ነው የጻፍኩት። እንዲቆይ አልጻፍኩም። ለሚቀጥለው ወር ደግሞ...»

እጇን ወደ እርሳሱ ስትዘረጋ ልጅቱ ቀደመቻት። እርሳሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችው።