የብርኽቲ የክርስትና ስም

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ንስሐ ስገባም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን ብቻ እየዘለልኩ ነው የተነሣሁት። ለእናንተ ልናገረው፤ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል።

እኔ ወሬ ወዳድ ነኝ። የማንን ወሬ? የሙታንን። ደሴ ተወልጄ በጋብቻ መቀሌ ገባሁ፤ የምሠራውም መዝገብ ቤት ነው። የቆየ ፋይል ሳይ እጄን ይበላኛል። ማን ማንን ወለደ? ከየት መጣ? ማንም ሳያዘኝ የባሌን ዘር እስከ ሰባት ቤት ልቆጥር ተነሣሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሽማግሌ አጠገብ ፈልጌ እቀመጥና «አያትዎ ማን ይባሉ ነበር?» እያልኩ ስጨቀጭቅ፣ ባሌ «ኧረ እባክሽ፣ ሰውየው ሐዘን ላይ ናቸው!» ይለኝ ነበር።

ስሞቹን የማሰፍርበት ትልቅ ወረቀት ግን በአባቱ አባት በኩል ባዶውን ቀረ። ያንን የሚሞላ አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ እሱም መቀሌ አጠገብ ቁሓ፣ አሞ ካሕሳ አልጋ ሥር። አሞ በትግርኛ የአባት እኅት ማለት ነው፤ የባሌ አክስት ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ አባታቸው ርስት ሲከራከሩ ያጻፉት፣ የስንት ትውልድ ስም የተቆጠረበት ወረቀት አለ ይባላል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ሌላ ሰው እንዲነካውም አይፈቅዱም። ወረቀት የተዋሰ መልሶ አያውቅም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ካሕሳ ማለት ካሳ ነው። እናታቸው ብርኽቲ እሳቸውን በወለደች በሳምንቷ ሞተች፤ ልጅቱ በምትኳ ቀረች። አባታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏት። ወንድማቸው፣ የባሌ አባት፣ ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ። እንዲህ ሆኖ የእናታቸውን የክርስትና ስም የሚነግራቸው ጠፋ። ቄስ ለሞተ ሰው ሲጸልይ የሚጠራው ደግሞ የክርስትና ስሙን ነው። አሞ ካሕሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ዘመድ ስም ሲያስጠሩ ኖረው፣ የእናታቸው ተራ ሲደርስ ዝም ይላሉ።

አንድ ቀን «ጓለይ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «አንቺ የሙት ስም ስትለቅሚ ነው የምትውይው። የእናቴን ስም አምጪልኝ፤ ያን ጊዜ ሳጥኑን ከነቁልፉ ትወስጂዋለሽ።»

አልፈለግኩም አልልም። ሁለት ቅዳሜ ብርኽቲ የተወለደችበት መንደር ድረስ ሄድኩ። ያጠመቋት ቄስ ድሮ አልፈዋል፤ መዝገብ የለም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰለቸኝ። ሳጥኑ ግን ዓይኔ ላይ ሄደ መጣ። ቁሓ ከሚኒባስ ወርጄ በራቸው እስክደርስ ስም አወጣሁላት። ቄስ ሰማንያ ቀን ጠብቆ የሚያወጣውን ስም እኔ በአምስት ደቂቃ! ወለተ ማርያም አልኳት። ለምን? ወለተ ማርያም የማትባል ሴት ስለማትገኝ። ምናልባት ይገጥም ይሆናል ብዬ።

ስሙን ስነግራቸው አሞ ካሕሳ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። «ሓቂ? እውነት? ማን ነገረሽ?» አሉኝ። አንድ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ቄስ ናቸው አልኩ። ወይ ጉድ! ያንን ዓይን ከየት አመጣሁት? እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና አለቀሱ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። ከዚያ ጥጡን ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ አወጡና ለቄሱ አድርሺልኝ አሉኝ። ጋቢው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ማንም ለብሶት አያውቅም።

ሳጥኑን ታቅፌ ስመለስ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ እያነበብኩ ወረቀቴን ሞላሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን የክርክር ወረቀት ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ለብርኽቲ ተዝካር የተጠሩ ካህናት ዝርዝር ሰፍሯል፤ ከበላዩ «ለአመተ ሥላሴ ነፍስ» ይላል።

ስሟ እዚያው አልጋቸው ሥር ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኝተውበታል። እኔ የተማርኩት፣ እኔ መዝገብ አገላባጯ፣ «ሳጥኑን አብረን እንየው» ማለት እንዴት አቃተኝ? ስሟን እየፈለግሁ ነበር ወይስ ሳጥኑን?

ለምን ሮጬ አልነገርኳቸውም? ከአፍ የወጣ አፋፍ። ያን ጊዜ ወለተ ማርያም በነፍስ አባታቸው ደብተር ተጽፋ፣ በቅዳሴ ተጠርታ፣ ለጎረቤት ሁሉ ተነግራ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከክረምት በኋላ አልኩ። ዘጠኝ ፋሲካ አለፈ።

ታመው ዓይደር ሆስፒታል ሲተኙ እኔና ባሌ አጠገባቸው ነበርን። እጄን ያዙኝ። «መልኳን አላውቀውም» አሉ፤ «ግን ስደርስ በስሟ እጠራታለሁ። አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። የቐንየለይ።» አመሰገኑኝ።

አፌ ላይ ነበር። አመተ ሥላሴ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ባሌ ቆሞ ያየኛል። አፈርኩ። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። በማግስቱ ዐረፉ።

አሁን በየዓመቱ አመተ ሥላሴን የማስጠራት እኔ ነኝ። ቄሱ ምንሽ ናት ሲሉኝ ዘመዴ ናት እላለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አሞ ካሕሳ ማንን እንደሚጠሩ እግዚአብሔር ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እሱ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።