ነጥቡ ላይ ነው?

ዝናብ ሳይኖር ዋይፐር የሚያስነሳ ሹፌር ካየሁ ልውረድ ልውረድ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሩ ዝም ብሎ እጁን ሰደደና ዋይፐሩን አስነሳው። ጎማው ደረቁን መስታወት ሲፍቀው ያ የማውቀው ሲጥሲጥታ ተሰማ፤ ጥርሴን ጠረሰኝ። "ምን አለ መስታወቱ ላይ? ምን አየህ?" ብዬ ጮህኩበት። "አቦ ተረጋጊ እንጂ፣ አቧራ ነው" አለኝ። አቧራ! እኔም ድሮ አቧራ ነው ተብዬ ነበር። ሰፈሬ ሳይደርስ አስቁሜው ወረድኩ።

አባቴ ፒካፕ ነበራቸው። ከሶፊ ገጠር ማንጎና ለውዝ እየጫኑ ሐረር ያመጡበት ነበር። ቤታችን ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው። በእኛ መንገድ እንኳን መኪና፣ የተጫነች አህያ ስታልፍም ሰው ግድግዳ ይታከካል። ስለዚህ ፒካፑ የሚያድረው ከግንቡ በር ውጭ ነው። ውጭ ያደረ መኪና ደግሞ ዋይፐሩ አያድርለትም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ ደጋግመው ከተሰረቁ በኋላ ዘዴ አበጁ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ጎማው የተሰካባቸውን ሁለቱን ክንዶች ከነሥራቸው ፈትተው፣ በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልለው ቤት ይገባሉ። ጠዋት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ይዘው ይወጡና መልሰው ይገጥሟቸዋል።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ክንዱ የሚገባበት ዘንግ ዙሪያውን ጥርስ አለው። አንዲት ጥርስ ከተዛነፈ ሁለቱ ክንዶች መስታወቱ መሐል ላይ እንደ በግ ይዋጋሉ። ለዚህ ብለው አባቴ ጎማዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ መስታወቱ ግርጌ ላይ በቀይ ነጥብ ምልክት አደረጉበት። ቀለሙ የእኔ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ጥፍሬን ስቀባ አገኙኝና፣ "አስተግፊሩላህ! በዚህ ውዱእሽ ሊያዝልሽ ነው? ውኃው ጥፍርሽን ሳይነካ?" ብለው የነጠቁኝ የጥፍር ቀለም ነው። ለእኔ ሐራም የሆነው ለፒካፑ ሐላል ሆነ። ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ።

ያን ዓመት የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄደ። "መስታወቱ አቧራ ያዘ" ይሉና በደረቁ ዋይፐሩን ያስነሱታል። ጎማውን ቀየሩ። አልጠራላቸውም። በሳሙና አጠቡት፣ በጋዜጣ ወለወሉት፣ አመድ ሳይቀር ሞከሩ። ኋላ ደግሞ "ክንዱ ሰልሏል፣ ጎማውን አይጫነውም" አሉ። መንገድ ላይ ፍየል እንኳ የሚያዩት ሊድጧት ሲደርሱ ነው። አጠገባቸው ስቀመጥ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። እናቴ ታውቃለች፣ ወንድሜ ያውቃል፣ ጎረቤታችን መካኒኩም ያውቃል። ግን ድመቷ አንገት ላይ ቃጭሉን ማን ይሰር? እናቴ "አንቺ ንገሪያቸው፣ አንቺን ይወዱሻል" ትለኛለች። "ስለሚወዱኝ ነው እኔ የምነግራቸው?" እላታለሁ።

በዚህ መሐል የወንድሜ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራዋ የሶፊ ልጅ ናት። አባቴ ገና ኒካው ሳይታሰር ለአባቷ ቃል ገብተው ነበር፤ "ልጅህን በራሴ መኪና፣ በራሴ እጅ ነው የማመጣት፣ ኢንሻአላህ።" ለዚያ ቀን ብለው ከድሬዳዋ አዲስ ክንዶች አስመጡ። እኔ የሚታየኝ ግን ከሶፊ ስንመለስ የሚያጋጥመው የሐኪም ጋራ መታጠፊያ ነው። ሙሽራዋ ጋቢና፣ ከኋላ አሮጊቶችና ሕፃናት፣ መሪውን የያዙት አባቴ። 

በሠርጉ ጠዋት አዲሶቹን ክንዶች ሲገጥሙ አጠገባቸው ቆምኩ። መካኒኩም አብሮን ሊሄድ መጥቷል። አባቴ ክንዱ ተስፈንጥሮ መስታወቱን እንዳይሰብረው መጀመሪያ ሽርጡን አነጠፉ። ክንዱን ጥርሱ ላይ አስቀመጡ፣ ዳዶውን አጠበቁ፣ ሽፋኗን ከደኑ። ውኃ አፈሰስኩበት። ሲያስነሱት አዲሱ ጎማ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ጠረገው፤ መስታወቱ ያለም አይመስል። አባቴ መሪው ላይ ተደፍተው ወደ ፊት አዩ። 

"አልጠራም" አሉ።

"ጠርቷል፣ አባ።"

"ውሸታም!"

ነደደኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ወላሂ ጠርቷል! መስታወቱ ምንም አልሆነም። ዓይንዎ ነው፣ አባ፤ ዓይንዎ ነው!" አልኳቸው። በበሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሞተሩን አጠፉ። "ማን ማን ያውቃል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ሁላችንም።"

"እናትሽም?"

"እሷማ ከሁሉ በፊት።"

ወረዱና አሁን ያጠበቁትን ዳዶ መልሰው ፈቱት። ገና ጠዋት ነው፣ ሌባ የለም፤ እጃቸው ሌላ የሚያደርገው አጥቶ ነው መሰለኝ። ክንዶቹን በሽርጡ ጠቅልለው እኔን አስታቀፉኝና የመኪናውን ቁልፍ ለመካኒኩ ሰጡት። "አንተ ንዳ" አሉ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበርና ክንዶቹን መልሰን እንግጠም ያለ የለም። እውነት ተናግሬም ልቤ ተሰበረ።

ሶፊ ስንደርስ አባቴ ለሙሽራዋ አባት "ቃሌን አጠፍኩ" አሏቸው። ሰውዬው አቅፈው ሳሟቸውና፣ "መጣህ አይደል እንዴ፣ ሐጂ! ሌላ ምን ቃል አለ?" አሉ። አባቴ ግን ቀና አላሉም።

ስንመለስ ሙሽራዋ ጋቢና መሐል፣ አባቴ በበሩ በኩል፣ እኔ ከሚዘፍኑት ሴቶች ጋር ከኋላ ነበርን። ሐኪም ጋራ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። መካኒኩ ምንም አልታይ ብሎት ዳር ያዘ። ክንዶቹ ያሉት እኔ ጭን ላይ! ከኋላ ዘልዬ ወረድኩ። መካኒኩ "ስጪኝ፣ እኔ ልግጠመው" ሲል አባቴ ወርደው እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዲህ በይ።"

ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሽርጡን አነጠፉ። የዘንጉን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ክንዱን አሳረፉ፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አደረጉት፣ ዳዶውን አጠበቁ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ነጥቡ ላይ ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ቀይ ነጥቤ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ነው፣ አባ።"

ውሸታም አላሉኝም። ራሳቸውን ነቀነቁና የመኪናውን ጎን እየዳሰሱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ክንዶቹ ሳይነካኩ ጠረጉ፤ ሙሽራችንን በሰላም አስገባን፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ መሪ አልጨበጡም። ፒካፑን ወንድሜ ይነዳው ጀመር። አመሻሽ ላይ ክንዶቹን የሚፈቱት፣ ጠዋት የሚገጥሙት ግን እሳቸው ነበሩ። እኔ ነጥቡን አያለሁ። "ነጥቡ ላይ ነው?" "ነው፣ አባ።" ፒካፑ እስኪሸጥ ድረስ እንዲህ ኖርን። ኋላ እሳቸውም ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እና ያን ዕለት ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ፈላና በር ስደርስ፣ ያን የሸጥነውን ፒካፓችንን ቆሞ አገኘሁት! ቀለሙ ተቀይሯል፤ እኔ ግን ለማረጋገጥ መስታወቱ ግርጌ ጎንበስ አልኩ። ነጥቦቹ ደብዝዘዋል እንጂ አሉ። በሹፌሩ በኩል ያለው ክንድ ከነጥቡ ወጣ ብሎ ተገጥሟል። እጄን በላኝ።

"ምን ፈለግሽ፣ እህት?" አለኝ አጠገቡ የቆመው የፒካፑ ሹፌር።

"ይሄ ልክ አይደለም። የዳዶ መፍቻ ካለህ አምጣ።"

ግራ እየገባው አመጣልኝ። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ሻል መስታወቱ ላይ አነጠፍኩና ፈታሁት። ጥርሱን በአውራ ጣቴ ዳስሼ አሳረፍኩት፣ አጠበቅኩት። ከዚያ ሳላስበው ዞር ብዬ፣ "ነጥቡ ላይ ነው?" አልኩ።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየልኝ።

"ነው" አለኝ።