የእሜቴ ካፖርት

የጋጣ ጠባቂው ችግር አሮጊቷ ባዝራ ናት። በብርድ የሚያለብሳትን አሽቀንጥራ ጥላ ታነጋለች። ጌታው ደግሞ፣ "ካሁን በኋላ ከዚህ ጋጣ ሳል ብሰማ እሸጣታለሁ" ብለዋል፤ ርኅራኄያቸው ወሰን የለውም።

ፈረስ ማልበስ ግሩም ጥበብ ነው። ጨርቁን አንገቷ ላይ ያሳርፍና ወደ ጭራዋ ይስበዋል፤ ጸጉሯ ተገልብጦ ካደረ ብርድ ያስገባላ! ከዚያ እጁን ከሥሩ ሰዶ ሙቀቷን ይዳብሳል።

"እሜቴ፣ ተመቸዎት?" ይላታል ባዝራዋን።

እራት ያመጣችለት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ "እኔ ስስል'ኮ 'መስኮቱን ዝጊ' ነው ያልከኝ" አለችው።

"አንቺማ መስኮት መዝጋት ትችያለሽ" አላት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት።

በመጨረሻ ምክንያቱን ደረሰበት፤ ሸካራው ጨርቅ ትከሻዋን እየላጠው ኖሯል። ሚስቱ የገዛችለትን ካፖርት ገበር ተርትሮ ከጨርቁ ሥር ሰፋላት። ከዚያ ወዲህ እሜቴ እንደለበሱ ያነጋሉ፤ ሳላቸውም ለቋቸዋል። ገበር በሌለው ካፖርት የሚስለው እሱ ነው።

አሁን የጌታው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ፊቱን ጭዱ ውስጥ ቀብሮ፣ ሳሉን እንደ መራራ መድኃኒት ለመዋጥ ይታገላል።