ወንድሜን ከአደን ቦታ ላመጣ ሄጄ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ታናሽ ወንድሜን ታሪኩን ይዤ ለመመለስ ነበር። አርባ ምንጭ አቅራቢያ አንድ የግል ድርጅት ከመንግሥት በኮንትራት በያዘው የአደን ቦታ ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሯል። እናታችን ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «አውሬ ለሚገድሉ ሰዎች ዘብ ይቆማል? ሂጂና አምጪልኝ» አለችኝ። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ አርባ ምንጭ የደረስኩት ሙዝ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው። ታሪኩ መናኸሪያ ጠብቆ በቀጥታ አሳ ቤት ወሰደኝ። ከአሳው ጋር የቀረበው የቃሪያ ዳጣ ዓይኔን ስላስለቀሰኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላነሳ መሸ።

ጫካው ውስጥ

ጠዋት በሞተር ብስክሌት ወጣን። ለአቧራው ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ።

«ባለ ፈቃድ አዳኞች የሚመቱት ጥቂት ያረጁ ወንዶችን ነው» አለኝ ታሪኩ። «ጫካውን የሚጨርሰው የሽቦ ወጥመድ ነው። ሽቦ እርጉዝ አይለይም፣ ግልገል አይለይም።»

«ቢሆንም መግደል ነው።»

«ነው፣ እትዬ» አለ።

ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በእግር ስንሄድ ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ አጋዘን፣ የኋላ እግሩ በሽቦ ተይዞ ይንፈራገጣል። ጠባቂዎቹ ቀንዱን ያዙ። «ዓይኑን ሸፍኚው!» ብሎ ታሪኩ ጮኸ። ነጠላዬን ጣልኩበት። ሽቦው ሲቆረጥ አጋዘኑ ሁላችንንም ጥሎን ተነሳ፤ ቅዳሴ እንደረፈደባት ሴት ነጠላዬን እያውለበለበ ጫካ ገባ። መሬት ላይ እንደወደቅን በሳቅ ፈረስን።

ቀና ስንል አንድ ሽማግሌ ባዶ ጆንያና ቢላዋ ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ዳና ይባላሉ፤ ማሳቸው ከአደን ቦታው ጋር ይዋሰናል።

«ሽቦው የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ዳና?» አለ ታሪኩ። ሳቁ ጠፍቷል።

«የኔ ነው። በቆሎዬን ሲጨርሱት የት ነበራችሁ? አውሬው ጠባቂ አለው፤ እኔ የለኝም።»

ያስራቸዋል ብዬ ፈራሁ። ታሪኩ ግን «እውነትዎን ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ በቆሎው እስኪሰበሰብ ተራ ገብተን አብረን እንጠብቃለን። እርስዎ ደግሞ የቀረውን ሽቦ ያሳዩን።»

«እናንተ? ትተኛላችሁ!»

«ከተኛን በራስዎ ሽቦ ይሰሩን።»

ጋሽ ዳና ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያም ከፊት ፊታችን እየሄዱ ወጥመዱን ሁሉ አስነቀሉን፤ ጆንያው በሽቦ ሞላ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እኔም ማሳው መሃል ያለው ማማ ላይ ወጣሁ። ከርከሮዎቹ ብቅ ሲሉ ቆርቆሮ እየደበደብን ጮኽን። ጋሽ ዳና ከሁላችንም በላይ ይጮሁ ነበር፤ በጋሞኛ፣ እየሳቁ። ስለ አደኑ ያለኝ ቅሬታ አልጠፋም። ነገር ግን አውሬ የሚተርፈው ጎረቤቱ ገበሬ ሲጠግብ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ቤት

እናቴ በሩን ከፍታ ወደ ኋላዬ ተመለከተች። «የታለ?»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። በአጋዘኑ ሳቀች፤ ጋሽ ዳና ያሉትን ስነግራት ግን ጠጋ ብላ አዳመጠችኝ። እሷም የገበሬ ልጅ ናት።

«ታዲያ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አዝመራው ሳይገባ ምን ልሁን ብለሽ ነው ልታመጪው የነበረው?»