ለቀበሌ የተጠረገ ሰማይ

ሪታች የሚሠራ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሪታች ማለት ኔጋቲቩን መስታወት ላይ ዘርግቶ በሹል እርሳስና በምላጭ ብጉርና ማዲያት የማጥፋት ሥራ ነው። በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ፎቶ ቤት ገብቶ የገዛ ፊቱን ይዞ የወጣ ሰው አላውቅም። ሁሉም ለስልሶና ነጥቶ ነበር የሚወጣው። እኔም ብሆን ጉርድ ፎቶዬን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም።

ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባታችን እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ከዝዋይ ሽንኩርት ሊያመጡ ሲሄዱ፣ እህቴ እዚያ ታስተምር ስለነበር፣ ከባለቤታቸው ጋር እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ማታ ራት በልተን ሐይቁ ዳር ወጣን። የጨረቃው ብርሃን ውሃው ላይ ስለማረከኝ፣ ወንድሜ የተወልኝን ካሜራ ድንጋይ ላይ አደላድዬ መዝጊያውን ከፈትኩና እስከ ሠላሳ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ምናምን ላይ ስደርስ ሰማዩ ቦግ አለ። አንድ ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ማዶ ወረደ። ጋሼ አማተቡና «አባቴ ቢኖሩ ኖሮ ትልቅ ሰው ሊሞት ነው ይሉ ነበር» አሉ። እኔ መቁጠሬን ረስቼ መዝጊያውን በደመ ነፍስ ዘጋሁት።

ጥፋታቸው ይህችኑ ንግግር መካኒሳ አቦ አካባቢ ጠላ ቤት ተቀምጠው መድገማቸው ነው። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ከቤታቸው ወሰዷቸው። ትልቁ ሰው ማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ለሁሉም ወዲያው ገብቶት ኖሯል። ባለቤታቸውን ይዤ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። «የወደቀ ኮከብ የለም፤ አሉባልታ ለመንዛት የፈጠረው ነው» አለን። «አየሁ የሚል ማስረጃ ያምጣ። እውነት ከሆነ ያየውን ነው ያወራው ብለን እንለቀዋለን።» ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማስረጃው ካሜራዬ ውስጥ ነበራ።

ፊልሙን በቀጥታ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ሪታች የሚሠራውን ሰውዬ «ሐይቅ ያለበትን ትልቅ አድርገህ አሳጥብልኝ፤ ቀበሌ የሚቀርብ ነው» አልኩት። ኮከብ የምትለዋን ቃል ግን አልተነፈስኳትም። ስለ ኮከብ ማውራት ሰው ባሳሰረበት ሰሞን፣ ሦስት ደንበኛ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን እየሰጠኝ፣ እንዴት ብዬ?

በሦስተኛው ቀን ፎቶውን በፖስታ ሰጠኝ። አውጥቼ አየሁት። ሐይቁ አለ፣ ማዶ ያለው ኮረብታ አለ። ሰማዩ ግን እንደታጠበ ሰሃን ነው።

«መስመሩስ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። ልብ በሉ፣ ፈገግ አለ። «እሱማ እንዴት እንዳስቸገረኝ ብታዪ። ፊልምሽ ከዳር እስከ ዳር ተጭሮ ነበር። ለቀበሌ ነው ስላልሽኝ ተጠንቅቄ ኔጋቲቩን ራሱን በምላጭ ፋቅኩልሽ። አሁን ምልክቱም የለ።»

ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ስድብ እናቴ ብትሰማ ሚጥሚጣ ታቀምሰኝ ነበር። እሱ እቴ! አጥርቶ በሠራው ሥራ ለምን እንደሚሰደብ ግራ ገብቶት ምላጩን እንደያዘ ያየኛል።

ቤት ስገባ ፎቶውን የጋሼ ባለቤት ተቀበሉኝና ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። «ይቺስ ምንድን ናት?» አሉ። ውሃው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ነበረች። ኮከቡ ሐይቁ ውስጥ ታይቷል ለካ! ሰውዬው የጨረቃ ብርሃን መስሎት ሳይነካው ቀርቷል። ነጠላችንን እንኳ በወጉ ሳናጣፋ ወደ ቀበሌ ሮጥን።

ሊቀመንበሩ ፎቶውን አገላብጦ አየና «ሰማይ ላይ የሌለ ነገር ውሃ ላይ ከየት መጣ?» አለኝ። «ጓዲት፣ ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው።» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ስለ ሪታች ባስረዳ፣ ባስረዳ አልሰማ አለኝ። ጠረጴዛው መስታወት ሥር የራሱን ፎቶ አኑሯል፤ ከዚያው ፎቶ ቤት ነው። ንዴቴ አሸነፈኝ። «ታዲያ ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ፎቶ ላይ የጉንጭዎ ጠባሳ የታለ?» አልኩት። እጁ ሳያስበው ወደ ጉንጩ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ገብቶታል። በደንብ ገብቶታል። ፎቶዬን መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ሰውዬው ይቆያል» አለ።

ጋሼ የተለቀቁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልጠይቃቸው ስገባ ከስተዋል። ባለቤታቸው ጓዳ እስኪገቡ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አይተነው ነበር አይደል?» አሉኝ።

«አይተነዋል እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ። «አላየሁም ብዬ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ከፈረምኩ ወዲህ ዓይኔን ብጨፍንም አልመጣልህ አለኝ።»